ሠላሳ አራት ቀን ቀሪ

ተሾመች ያንን ቅጽ ስትሞላ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ራሷን አብዝታ የወቀሰችው በዚህ ነበር። ሰው ክፉ ሲሠራ ቢያንስ ጣቱ ሊያመነታ ይገባል። የሷ ጣቶች ግን የትምህርት ቤቱን አሮጌ የጽሕፈት መኪና እንደ ወትሮው ቀጥ አድርገው መቱት። ሁለት ቃል ጻፈች፣ ማኅተም አሳረፈች፣ ፖስታውን አሸገች። ከዚያም ወጥታ ሻይ ጠጣች።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

ተሾመች በመሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ አዛለች ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ስምንት ክፍል ያለው ሆቴል አላቸው፤ በከተማው ሹም ቢመጣ፣ ነጋዴ ቢያድር እሳቸው ዘንድ ነው። ተሾመች ማትሪክ ተፈትና ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር እሳቸው "እንኳን ቀረሽልኝ" ብለው ተደስተው ነበር። ልጃቸውን የሚድሩለትን ሰው በልባቸው መርጠው ባይጨርሱም፣ የማይድሩለትን ግን አሳምረው ያውቁታል። ምንይሉ ይባላል።

ምንይሉ በግሼ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ የገበሬ መንደር የመጣ ተማሪ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ከተሾመች ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ነበር። እሷ አልፋ ስትሄድ እሱን አንዴ የአባቱ ሕመም፣ አንዴ የቤቱ ችግር እየጎተተው ወደ ኋላ ቀረ፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቁን፣ በሶውንና ድርቆሹን፣ በትከሻው አንግቶ ይመጣና ከሦስት ልጆች ጋር በተከራያት ጠባብ ቤት ያድራል። "ስንቅ ተሸካሚ" ይሉታል ወይዘሮ አዛለች፤ ስሙን አፋቸው ላይ አያመጡትም።

ፍቅራቸው የሚያልፈው በስም መጥሪያ ደብተር ውስጥ ነው። ምንይሉ የክፍል አለቃ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ደብተሩን ለመዝገብ ቤት ያስረክባል፤ የሳምንቱን ቀሪ ስም እየጠራች የምትመዘግበው ተሾመች ናት። ደብዳቤውን የሰኔ ወር ገጽ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሰኔ ገና ስለሆነ ማንም አይገልጠውም። ተሾመች በሯን ዘግታ ሰኔን ትገልጣለች። ክረምት እስኪገባ ድረስ የሷ ሰኔ በየሳምንቱ ዓርብ ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ ሳሌም መጣች።

ሳሌም ከአዲስ አበባ ከአንድ የጤና ኮሌጅ የተላከች መልማይ ነበረች። ኮሌጁ ከመላው የአገሪቱ ገጠር በዓመት ሠላሳ ተማሪ ብቻ ይወስዳል፤ ምግቡንም አልጋውንም ችሎ የጤና መኮንን አድርጎ ያስመርቃል። ከዚህ ደጋ የሚገባው ቢበዛ ሁለት ልጅ ነው። ሳሌም በየትምህርት ቤቱ እየዞረች እጩዎቹን ትመዝናለች፤ ከመሐል ሜዳ ቀጥላ የምትሄደው ሞላሌ ነበር። ፀጉሯ በአጭሩ የተቆረጠ፣ ሳቋ የማያልቅ፣ ለማንም "አንቺ በይኝ" የምትል ልጅ ነች። ያረፈችውም ሌላ የት ይሆናል፣ ወይዘሮ አዛለች ሆቴል፣ ሦስት ቁጥር ነው።

ኀሙስ ዕለት የምንይሉን ፋይል ይዛ ተሾመች ቢሮ ገባች።

"ይሄን ልጅ ታውቂዋለሽ?"

"ተማሪያችን ነው" አለች ተሾመች።

"በሒሳብና በባዮሎጂ በዚህ ዞን እንደሱ ያለ አላየሁም። እንግሊዝኛውን አንብቦ ይረዳል፤ ሲናገር ግን ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። እሱ በሁለት ወር ይስተካከላል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።" ሳሌም ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። "አምና ሠላሳ አራት ቀን ቀርቷል። ኮሌጁ ከሃያ ቀን በላይ የቀረን ተማሪ ያለ በቂ ምክንያት አይቀበልም። መዝገብ ቤቱ ምክንያቱን ጽፎ ካረጋገጠለት ግን ነገሩ ያልቃል።"

"አለበለዚያስ?"

"አለበለዚያ እኔም ላድነው አልችልም። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሚዛኑን የምትደፊው አንቺ ነሽ።"

ተሾመች ምክንያቱን ከማንም በላይ ታውቃለች። አምና በጥቅምት የምንይሉ አባት አቶ ጌጡ ከገደል ጫፍ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። አጨዳውን፣ ውቂያውን፣ የበልጉን እርሻ የሠራው ምንይሉ ነው። የቀረበትን እያንዳንዱን ቀን በደብዳቤ ነግሯታል፤ "ዛሬ ገብስ አጨድሁ፤ አንቺ ግን ስሜን ጠርተሽ 'ቀሪ' ብለሽ ጻፍሽ፤ ይገባኛል" ብሎ የጻፈላትን ሳይቀር በቃሏ ትወጣዋለች። ያን ዕለት ብዕር አንስታ ብትጽፈው ይህ ታሪክ እዚያው ባለቀ ነበር።

"ሰኞ ጠዋት አስረክብዎታለሁ" አለች።

"አንቺ በይኝ እንጂ!"

"ይሁን" አለች ተሾመች፤ ግን አላለቻትም።

ምክንያቱ ከማክሰኞ ጀምሮ የምታየው ነገር ነበር። ምንይሉ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆቴሉ በረንዳ ይመጣል። ለሷ አይደለም፤ ሳሌም እንግሊዝኛ ታለማምደዋለች። በእናቷ ቤት፣ በእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ! ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ማለፍ ሲፈራ የኖረ ሰው አሁን እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሻይ የምታቀርብላቸውም ተሾመች ናት። ምንይሉ ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ሊነግራት የፈለገው ነገር ነበር፤ እሷ ግን ትሪውን አስቀምጣ ዞረች። በስተኋላዋ ሳሌም የሆነ ነገር አለችና ምንይሉ ከልቡ ሳቀ። ያንን ሳቅ ለመስማት ተሾመች ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ሳሌም በሁለት ቀን አገኘችው።

ዓርብ ደግሞ የስም መጥሪያው በምንይሉ እጅ አልመጣም። ሳሌም ልታየው ከክፍል ወስዳው ኖሮ፣ ማታ እሷው መለሰችው። ተሾመች በሯን ዘግታ ሰኔን ገለጠች። ባዶ። ግንቦትን ገለጠች፣ ሚያዝያን ገለጠች፣ ተስፋ የማይቆርጥ ሰው እንደሚያደርገው መስከረምን ሳይቀር ገለጠች። ምንም የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ እሱ ትምህርት ቤት እያለ ደብዳቤ የቀረባት የመጀመሪያው ዓርብ ነበር፤ ያን ሌሊት ሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ የሚሰማውን ኮሽታ ሁሉ ስትቆጥር አደረች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሾመች ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሆቴሉ በር ገቡ። መሀል ያሉት አባባ ውባየሁ ናቸው፤ በምንይሉ መንደር ያለሳቸው ልጅ አይዳርም። ከኋላቸው አቶ ጌጡ እያነከሱ ይከተላሉ። በክንዳቸው ላይ የታጠፈ አዲስ የመንዝ ባና ነበር፣ ጥቁርና ነጭ የሱፍ ልብስ።

ተሾመች ባናውን አወቀችው። ያየችው አሁን ነው፤ ግን ታውቀዋለች። ምንይሉ በጥር ጽፎላት ነበር፤ "እናቴ ጥቁርና ነጭ ሱፍ እየፈተለች ነው። ለማን ነው ስላት 'ለምራቴ' ትለኛለች፤ ምራቷ ማን እንደሆነች ነግሬያት ሳይሆን አይቀርም"።

መጡ! በጾም፣ በእሑድ፣ እናቴ ሳትዘጋጅ! ፀጉሯን ነካካች። ሽማግሌዎቹ ግን የወይዘሮ አዛለችን ሳሎን አለፉት። በተሾመች አጠገብ "እንደምን ዋልሽ ልጄ" ብለው አለፉ። ሦስት ቁጥር ክፍል በር ላይ ቆመው ዘንጋቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ፤ ሳሌም ከፈተችላቸው።

ተሾመች መስማት አልነበረባትም። ሰማች።

"...ልጃችን ምንይሉ ጨዋ ነው" ይላሉ አባባ ውባየሁ፤ "አጥንቱ የተመሰከረለት ነው። እኛም ደጅዎን ስንረግጥ አስበንበት ነው። እምቢ ብለው ፊታችንን እንዳያሳፍሩት፤ ይቀበሉን..."

በበሩ ክፍተት ባናው ሳሌም ጉልበት ላይ ተዘርግቶ ታየ። ሳሌም አፏን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ተሾመች የሰማችው ሳቅ ነው።

"ጉድ በል መሐል ሜዳ!" አሉ ወይዘሮ አዛለች ወጥ ቤት ሆነው። "የጌጡ ልጅ ለአዲስ አበባዋ ሽማግሌ ላከ! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ስንቅ ተሸካሚው ከኔ ቤት ሴት ሳይወስድ አይተኛም ማለት ነው።" ቀና ብለው ልጃቸውን ሲያዩ ፊቷ አመድ መስሏል። ሽንኩርታቸውን ወደ መክተፍ ተመለሱ።

ተሾመች ክፍሏ ገብታ በሩን ቆለፈች። አላለቀሰችም። ማልቀስ የምትችል ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት ያንን ባልሠራች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ቅጹን መኪናው ላይ አስገባች። "ተማሪው የቀረባቸው ቀናት ብዛት" ለሚለው "34" ብላ መታች። "ምክንያት" የሚለው ሲደርስ ያ ባና ዓይኗ ላይ ተዘረጋ። "ምክንያቱ አይታወቅም" ብላ መታች።

ሳሌም ፖስታውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ "አመሰግናለሁ ተሾመች" ብላ ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ኮሌጁ መኪና ሮጠች። መኪናው በሞላሌ መንገድ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ተሾመች ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ደስታው አልመጣም።

ለምሳ ቤት ስትገባ ወይዘሮ አዛለች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ያ ባና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"ነይ ስሚ እንጂ! ያቺ ልጅ ስትሄድ 'ለባለቤቶቹ ይመልሱልኝ፣ እኔ ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም' ብላ ሰጠችኝ። የምን ስጦታ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ሽማግሌዎቹ የመጡት እሷን ሊጠይቁ አይደለም፤ ኮሌጁን ሊጠይቁ ነው! አባባ ውባየሁ ተነሥተው 'ልጃችሁን ለልጃችን ልንል አልመጣንም፤ ልጃችንን ለትምህርት ቤታችሁ ልንል ነው' አሏት። ለኮሌጅ ሽማግሌ! የሰው ልጅ ደግሞ ለአስኳላ ይታጫል እንዴ?" ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። "ግን እኮ አያስቅም፤ የዋሆች ናቸው። ለትልቅ ነገር ሽማግሌ ይላካል፤ ሌላ ምን ያውቃሉ... አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው? ምሳሽስ?"

ተሾመች ቢሮዋ ስትደርስ ምንይሉ በሩ ላይ ቆሟል። ቆቡን በእጁ ያሻሻል።

"አፈርሁ" አላት። "ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል። አባቴን እምቢ ብለው፣ በእግዜር ብለው፣ 'ሹሟን ደጅ ሳልጠና ልጄን አልሰጥም' አለኝ። አንቺ ግን አልሳቅሽብኝም አይደል? ሁሉን ጽፌልሻለሁ።"

"የት ጻፍህልኝ?"

"ሰኔ ላይ ነዋ። ዓርብ።"

ተሾመች ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ደብተሩን ሳሌም ከክፍል እንደወሰደችው አሁን ትዝ አላት። ደብዳቤው ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

"ታመምሽ እንዴ?" አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያን የቀሪውን ነገር ሳሌም ነግራኝ ደንግጬ ነበር። 'መዝገብ ቤቱ ይሞላዋል' ስትለኝ ግን ሳቅሁ። አንቺ የምትሞይው ስለሆነ ልቤ ዐርፏል፤ ትናንት ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

ያን ፊት እያዩ ያንን መናገር አይቻልም ነበር፤ ቢያንስ ገና ሳይቃና አይቻልም። ነጠላዋን አነሣችና አለፈችው። ምንይሉ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቆቡን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ወደ ሞላሌ የሚሄድ አውቶቡስ አልነበረም። ገብስ የጫነ አይሱዙ አገኘችና ጆንያ ላይ ወጣች። ብርዱ ጆሮዋን ቢቆርጣትም አልታወቃትም። በልቧ የምትለማመደው አንድ ውሸት ነበር፤ "ተሳስቼ ነው፤ የሌላ ተማሪ መስሎኝ ነው"። በጣም ጥሩ ውሸት ነበር። ሞላሌ እስክትደርስ በደንብ አጠናችው።

ሳሌም በሞላሌ ትምህርት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፋይል ከምራ ተቀምጣለች። አቧራ የለበሰችውን ልጅ ስታይ ብድግ አለች።

"ተሾመች! ምን ሆንሽ?"

"የምንይሉን ቅጽ..." ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የሳሌም ፊት ግን ደግ ነበር፤ ያ ደግነት ውሸቱን አፈረሰባት። "ውሸት ነው የጻፍሁት። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አባቱ እግራቸው ተሰብሮ፣ የሚያርስ ጠፍቶ ነው።"

ሳሌም ፖስታውን ቀደደች። አነበበች። ስታነብ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ።

"ለምን?"

"ቀንቼብሽ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" ያለቻት ያን ጊዜ ነው። ሳሌም ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አልሳቀችም። ብትስቅባት ለተሾመች ይሻላት ነበር።

"ታውቂያለሽ" አለች በመጨረሻ፣ "እኔ ዛሬ ማታ ይሄን ቅጽ ከፍቼ ስሙን ልሰርዘው ነበር። እያዘንሁ እሰርዘው ነበር። እሱም ዕድሜውን ሙሉ 'እንግሊዝኛዬ ነው የጣለኝ' እያለ ይኖር ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ብታውቂ አትጽፊውም ነበር።" ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። "ማኅተም ያረፈበትን አልቀይርም። ሌላ ደብዳቤ ጻፊ። የመጀመሪያው ሐሰት መሆኑን፣ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው። ስምሽን፣ ፊርማሽን። ግልባጩ ለርዕሰ መምህርሽ ለአቶ አፈወርቅ ይሄዳል።"

"ለምን እንደጻፍሁትም ይጻፍ?"

"እሱም። ያለ ምክንያት የተጻፈ ቃል ማን ያምናል?"

ተሾመች ብዕሩን ያዘች። እንጀራዋ እንደሆነ ታውቃለች። ከተማው እንደሚሰማ፣ የእናቷ ስም እንደሚነሣ ታውቃለች። "በቅናት" የምትለዋን ቃል ስትጽፍ እጇ እስኪያቅታት ተንቀጠቀጠ። እንደምንም ጨርሳ ፈረመች።

ሳሌም አንብባ አልተነሣችም። የቅጹን የመጨረሻ ገጽ ወደሷ ገፋችው። "ይሄን አቶ አፈወርቅ ባዶ ትተውታል። እኔ ከምገምት አንቺ ብትመልሺው ይሻላል። አሁን እንደምትዋሺ አልጠረጥርም።"

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ "ተማሪው ተመርቆ ወደ አካባቢው የመመለስ ዕድሉ ምን ያህል ነው?"

ተሾመች ጥያቄውን ደጋግማ አየችው። ከልቧ ውስጥ ፍርሃቷን ፈልጎ ያወጣ ጥያቄ ነበር። አዲስ አበባ። አራት ዓመት። ፀጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ፣ ሳቃቸው የማያልቅ ስንት ሳሌሞች። "አይመለስም" ብላ ብትጽፍ ይቀርላት ይሆናል። "በእርግጥ ይመለሳል" ብላ ብትጽፍ ለራሷ መዋሸቷ ነው። የስም መጥሪያውን በልቧ ገለጠችው፤ ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ የካቲትን፣ ሰኔን። እያንዳንዱን "ቀሪ" በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ከያንዳንዱ ቀሪ በኋላ ያለውንም ምልክት እንዲሁ።

እንዲህ ብላ ጻፈች፤ "የሚመጣውን አላውቅም። መዝገቡ ግን ይህን ይላል፤ አምና አምስት ጊዜ ሄዶ ሠላሳ አራት ቀን ቀርቷል። አምስቱንም ጊዜ ተመልሷል። ማንም አልፈለገውም፤ ራሱ ነው የተመለሰው።"

ሳሌም አነበበችው። ከዚያም ከመጽሐፏ መካከል የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። "ላዩ ላይ ስም ስላልነበረው አልከፈትሁትም፣ የማን እንደሆነም አላወቅሁም፤ ከስም መጥሪያው ውስጥ ወደኔ ወረቀት ተቀላቅሎ ነው የመጣው። አሁን አወቅሁ።"

ተሾመች ደብዳቤውን ያነበበችው ስትመለስ፣ መንገድ ዳር ቆማ መኪና ስትጠብቅ ነው። "ትናንት ለገበያ የመጣው አባቴ እንዲህ ይላል፤ በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ሽማግሌ እልካለሁ። እሱ ከሆነልን ፊት ይኖረናል፣ በዚያው ሽማግሌ ወደ ወይዘሮ አዛለች ደጅ እንሄዳለን። ባናውን እናቴ ላንቺ ብላ ነው የፈተለችው፤ አባቴ 'ለሹሟ ይሁን' ብሎ ወሰደባት። ሁለት ቀን ሆናት ካኮረፈች፤ እራት አልሰጠችውም። አንቺ እንዳታኮርፊ።" እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚ እያያት፣ እሑድ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

በማግስቱ ለምንይሉ ራሷ ነገረችው። ምንም አላስቀረችም። እሱ ጠረጴዛዋን ይዞ ቆሞ ሰማ።

"ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር" አላት። "ጠላት አለብሽ እል ነበር።"

"ምንይሉ..."

"ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር። አንድ ቃል ነበር።" ወጣ። በሩን አላላተመውም፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። እሱ የባሰ አመማት።

አቶ አፈወርቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧትና ከመዝገብ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወሯት። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ የስም መጥሪያው በሌላ ሰው በር ይገባል። ተሾመች በመስኮት ታየዋለች፤ ምንይሉ ደብተሩን ይዞ ያልፋል፣ አንገቱን አይመልስም። ወይዘሮ አዛለች ነገሩን ሲሰሙ ይቆጣሉ ስትል ጠበቀች፤ እሳቸው ግን አጠገቧ ተቀምጠው "ይሄን ያህል ትወጂው ኖሯል?" አሏት። ሰኔ መጣ፣ አለፈም። እውነተኛው ሰኔ ደብዳቤ አልነበረውም።

በጳጉሜን ወሬው ከተማውን ሞላው፤ የጌጡ ልጅ ማትሪኩን አልፎ ኮሌጁ ተቀበለው። ተሾመች ይህን የሰማችው ከሻይ ጠጪዎች ነው። ሽማግሌ ግን ወደ ወይዘሮ አዛለች በር አልመጣም።

ከመስቀል በኋላ፣ በሚሄድበት ዕለት ማለዳ፣ አውቶቡሱ ገና ሞተሩን ሲያሞቅ ተሾመች መንገዱን ተሻግራ መኪና ማቆሚያው ሄደች። የምትለውን አላዘጋጀችም። ምንይሉ ከአባትና ከእናቱ ጋር ቆሟል። ሲያያት ዓይኑን አላሸሸም።

"ደኅና ግባ ልልህ ነው" አለች። "ሌላ ነገር ልጠይቅህ አይደለም።"

"ለኮሌጁ የመጨረሻ ፈተና ስሄድ ሳሌም ደብዳቤሽን አነበበችልኝ" አለ። "'አምስቱንም ጊዜ ተመልሷል' ያልሽውን። እኔ ስለ ራሴ እንዲህ አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ ቀሪ የሆንሁ ነበር የሚመስለኝ።" ቆቡን በእጁ አሻሸ። "ተናድጄ ክረምቱን ሙሉ አረስሁ። ንዴቱ ሲወጣልኝ የቀረው ናፍቆት ብቻ ሆነ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መምጣት አፈርሁ።"

"አሁንም እቀናለሁ" አለች ተሾመች። "ልዋሽህ አልፈልግም። በሳሌም እቀናለሁ፣ በኮሌጁ እቀናለሁ፣ በዚህ አውቶቡስም እቀናለሁ። ብቻ ከእንግዲህ ስቀና እጠይቅሃለሁ።"

ይህን ጊዜ የምንይሉ እናት ምንም ሳይሉ ቀረቡ። ከጋቢያቸው ሥር ያንን ጥቁርና ነጭ ባና አውጥተው ተሾመች ትከሻ ላይ ጣሉት፤ ጫፉን እንደ ራሳቸው ልጅ አስተካከሉላት።

"ኧረ ተይ!" አሉ አቶ ጌጡ ደንግጠው። "ሽማግሌ እንኳ ሳይሄድ!"

"ሽማግሌው ለትምህርት ቤቱ ሄዷል" አሉ እናቲቱ ዞር ሳይሉ። "ለዚህኛው እኔ እበቃለሁ።"

ከመንገዱ ማዶ ወይዘሮ አዛለች በራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አይተዋል። ጮክ ብለው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ በመሐል ሜዳ ይህን የሚያምን የለም።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ምንይሉ ስንቁን አነሣና ደረጃው ላይ ወጣ፤ ከዚያ ተመልሶ አንገቱን አወጣ።

"ስሜን ስትጠሪ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?"

"ቀሪ" አለች ተሾመች፤ እንባዋ ባናው ላይ እየወረደ።

"ምክንያቱስ?"

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ተሾመች ሁለት እርምጃ ተከተለችው፤ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ይታወቃል!"